የማይለወጠውን የቫይረስ ክፍል ለቅሞ ክትባት መሥራት ለምን አልሰምር አለ?

ጥያቄ፦ «የባዮቴክኖሎጂ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ሥራዬ በርካታ የኮሮና ቫይረስ ልውጥ ዝርያዎችን በአንድ ጊዜ የሚከላከል ክትባት መንደፍ ነው። ብዙ ሺህ የስፓይክ ፕሮቲን (ቫይረሱ ሴል ላይ የሚጣበቅበት እሾህ) የአሚኖ አሲድ ቅደም ተከተሎችን ጎን ለጎን አሰልፌ፣ በሁሉም ላይ አንድ ዓይነት የሆኑ አጫጭር ቁራጮችን ለይቻለሁ። እነዚህን በማገናኛ አሚኖ አሲዶች ቀጣጥዬ አንድ ፕሮቲን ባደርጋቸው፣ ቫይረሱ የቱንም ያህል ቢለዋወጥ የሚሠራ ክትባት አላገኝም? ይህ ካልሆነ ደግሞ የሁሉንም ዝርያ ስፓይክ በአንድ ብልቃጥ መቀላቀል አይቀልም?»

ምላሽ፦ የመጀመሪያው መንገድ አያዋጣም። ሁለተኛው ለአንዳንድ ቫይረሶች ሠርቷል፤ እርስዎ ለያዙት ቫይረስ ግን ባሰቡት መልኩ አይሠራም። ከሁለቱም የተሻለ ሦስተኛ መንገድ አለ፤ እሱ ጋ ለመድረስ ግን መጀመሪያ «የማይለወጥ ከሆነ ጥሩ ዒላማ ነው» የሚለውን ሐሳብ ማፍረስ ያስፈልጋል። ከታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አንድ የፕሮቲን ክፍል በሺዎች በሚቆጠሩ ዝርያዎች ላይ ሳይለወጥ የሚገኘው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ ቢለወጥ ቫይረሱ መባዛት ስለሚያቅተው ነው። ሁለተኛው፣ የሚነካው ስለሌለ ነው፤ አንቲቦዲ (ሰውነት ቫይረስን ለመያዝ የሚሠራው ፕሮቲን) የማይደርስበት ክፍል እንዲለወጥ የሚገፋው ነገር የለም። የቅደም ተከተል ሰልፍ እነዚህን ሁለቱን መለየት አይችልም። ኮምፒውተሩ «መቶ በመቶ ተመሳሳይ» ብሎ የሚያሳይዎት ቁራጭ ለክትባት የሚመኙት ደካማ ጎን ሊሆን ይችላል፤ በፕሮቲኑ ሆድ ውስጥ ተቀብሮ ማንም አይቶት የማያውቅ ክር ሊሆንም ይችላል። በተግባር ብዙውን ጊዜ ሁለተኛው ነው።

ስፓይክን በቅርበት እንየው። አንዱ ሰንሰለት 1,273 አሚኖ አሲዶች አሉት፤ ሦስት ሰንሰለቶች ተጣምረው አንድ ስፓይክ ይሆናሉ። በእያንዳንዱ ሰንሰለት ላይ ስኳር የሚንጠለጠልባቸው 22 ቦታዎች አሉ፤ ለሦስቱ 66 ማለት ነው። ይህ የስኳር ጫካ የሰውነትን የራሱን ስኳር ስለሚመስል፣ ከሥሩ ያለውን ፕሮቲን ከአንቲቦዲ ይጋርዳል። በ816ኛው አሚኖ አሲድ አካባቢ የሚጀምረውና የቫይረሱን ሽፋን ከሴሉ ሽፋን ጋር የሚያዋህደው ክፍል በኮሮና ቫይረሶች ሁሉ ላይ በጣም ተመሳሳይ ከሆኑት ክፍሎች አንዱ ነው፤ በእርስዎ ዝርዝር ውስጥም መኖሩ አይቀርም። ይሁንና በደንብ የሚገለጠው ስፓይኩ ከሰው ሴል ጋር ተጣብቆ ቅርፁን መቀየር ሲጀምር ነው። በዚህ ጊዜ አንቲቦዲው ያለው ጊዜም ቦታም ጠባብ ስለሆነ፣ በዚህ ክፍል ላይ የሚነጣጠሩ አንቲቦዲዎች ብዙ ዝርያ ቢያውቁም ቫይረሱን የማምከን ኃይላቸው ደካማ ነው።

በተቃራኒው ከ319ኛው እስከ 541ኛው ያለውን፣ ከሴሉ ተቀባይ ጋር የሚጣበቀውን ክፍል ይመልከቱ (በሙያው አነጋገር አርቢዲ እንለዋለን)። በመጀመሪያዎቹ የወረርሽኙ ወራት ከበሽታው ካገገሙ ሰዎች ሴረም (አንቲቦዲ የያዘው የደም ፈሳሽ ክፍል) ውስጥ ከሚገኘው የማምከን ኃይል 90 በመቶ ያህሉ ያረፈው እዚህ ላይ ነው። ኦሚክሮን በኅዳር 2021 ሲመጣ በስፓይኩ ላይ ከ30 በላይ ለውጦች ነበሩት፤ 15ቱ አርቢዲ ላይ ናቸው። ከፕሮቲኑ ርዝመት አንድ አምስተኛ የማይሞላ ክፍል የለውጡን ግማሽ ያህል ተሸከመ። ስለዚህ የሰልፍ ሰንጠረዥዎን ገልብጠው ያንብቡት፦ ብዙ የሚለወጠው ቦታ የመከላከል አቅማችን በብርቱ የሚመታበት ቦታ ነው። ቫይረሱ የሚሸሸው ከሚያመው ነው።

ሁለተኛው ችግር መቆራረጡ ነው። አብዛኞቹ ቫይረስ የሚያመክኑ አንቲቦዲዎች የሚጨብጡት በቅደም ተከተሉ ተራርቀው፣ ፕሮቲኑ ሲታጠፍ ግን ጎረቤት የሚሆኑ አሚኖ አሲዶችን ነው። 15 አሚኖ አሲድ ያለው ቁራጭ ከቤቱ ሲወጣ ቅርፁን ይዞ አይቆይም፤ በውኃ ውስጥ እንደተለቀቀ ክር ይወዛወዛል። በዚህ ክር የተነሳ አንቲቦዲ ክሩን በሚገባ ይይዛል፤ በኤላይዛ ምርመራ (አንቲቦዲ መያዙን እንጂ ማምከኑን የማይለካ ምርመራ) ላይም ግሩም ቁጥር ያወጣል። ሙሉው ቫይረስ ሲቀርብለት ግን ያንን ቅርፅ አያገኘውም። ቁራጮቹን በግላይሲንና ፕሮሊን ማገናኛ ሲቀጣጥሏቸው ደግሞ በመጋጠሚያው ላይ በተፈጥሮ የሌለ አዲስ ቅደም ተከተል ይፈጠራል፤ ሰውነት ለዚያ ባዕድ መጋጠሚያ ጉልበቱን ሊያባክን ይችላል። ሶፍትዌሩ ይህን ሁሉ አያሳይዎትም። የሚሰጠው የአንቲጅንነት ነጥብ (ቁራጩ የሰውነትን ምላሽ የማስነሣት አቅሙ ግምት) እና በቀለም ያሸበረቀ የሞለኪውል ሥዕል ያጓጓል፤ እንዲህ ያሉ ወረቀቶች በገፍ የሚታተሙትም ለመሥራት ላብራቶሪ ስለማይጠይቁ ነው።

«በሰው ላይ ተሞክሮ ያውቃል ወይ?» ለሚለው መልሱ አዎ ነው። ኤም-001 የተባለው የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ከሦስት የቫይረሱ ፕሮቲኖች የተወሰዱ ዘጠኝ የማይለዋወጡ ቁራጮችን ቀጣጥሎ የተሠራ ነበር፤ ከእርስዎ ንድፍ ጋር አንድ ነው ማለት ይቻላል። ከ12 ሺህ በላይ ሰዎች በተሳተፉበት ሦስተኛ ደረጃ ሙከራ በ2020 ውጤቱ ሲወጣ ከማስመሰያው መርፌ የተሻለ መከላከያ አልሰጠም።

«አንቲቦዲ ባይሆን እንኳ ቲ ሴል ይነሣልኛል» እንዳይሉ፣ እሱም ልክ አለው። ቲ ሴል የሚያየው በቫይረሱ የተያዘን ሴል ነው፤ ቫይረሱ ሴል ውስጥ እንዳይገባ አያግድም። በሽታው እንዳይበረታ ይረዳል፤ ለዚህም በብዙ ዝርያዎች ላይ ይሠራል። ቁራጩን ለቲ ሴል የሚያቀርቡት የኤችኤልኤ ሞለኪውሎች ግን ከሰው ሰው ስለሚለያዩ አስር ቁራጭ ቢመርጡ ለአንዱ ሰው ስድስቱ፣ ለሌላው አንዱ ብቻ ሊታይ ይችላል። በ2019 በአውስትራሊያ ከ2 ሺህ በላይ ሰዎች ላይ የተሞከረ፣ የኢንፍሉዌንዛን ሁለት የውስጥ ፕሮቲኖች ሙሉ ለሙሉ የያዘ የቲ ሴል ክትባት በመደበኛው ክትባት ላይ ሲጨመር የታማሚውን ቁጥር አልቀነሰም። የኤችአይቪም ታሪክ ከዚህ አይርቅም፦ የብዙ ዝርያዎችን ቅደም ተከተል በኮምፒውተር አመሳቅሎ የተሠራው የሞዛይክ ክትባት በዝንጀሮዎች ላይ ተስፋ ሰጥቶ፣ በደቡባዊ አፍሪካ 2,600 ያህል ሴቶች ላይ ሲሞከር በቂ መከላከያ እንደማይሰጥ በነሐሴ 2021 ተረጋገጠ፤ እኅቱ የሆነው ሙከራም በጥር 2023 ቆመ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ፣ ወደ መቀላቀሉ። መቀላቀል የሚያዋጣው ዝርያዎቹ በቁጥር ጥቂትና እርስ በርስ የተለያዩ፣ ከዓመት ዓመትም በቦታቸው የሚቆዩ ሲሆኑ ነው። የማኅፀን በር ካንሰርን ለመከላከል የሚሰጠው ጋርዳሲል 9 ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ዘጠኝ ዓይነት የቫይረስ ቅርፊት በአንድ መርፌ ይዟል፤ መጠናቸው ግን እኩል አይደለም። ከዓይነት 6፦ 30 ማይክሮግራም፣ ከዓይነት 11፦ 40፣ ከዓይነት 16፦ 60፣ ከዓይነት 18፦ 40፣ የቀሩት አምስቱ ዓይነቶች እያንዳንዳቸው 20 ማይክሮግራም፤ ድምሩ 270 ነው። በአራት ዓይነቱ የቀድሞ ክትባት ውስጥ ዓይነት 16 የነበረው 40 ማይክሮግራም ነበር፤ አምስት አዳዲስ ሲጨመሩ የድሮዎቹ ምላሽ እንዳይደበዝዝ የሦስቱ መጠን ከፍ ተደረገ፤ አጋዥ የሆነው አሉሚኒየምም ከ225 ወደ 500 ማይክሮግራም አደገ። ተጨማሪ አንቲጅን (ሰውነት ምላሽ የሚሰጥበት ባዕድ ነገር) ሲገባ ነባሩ ይጎዳል የሚለው ሕግ እንዲህ በቁጥር ይታያል።

ሕይወት ባለው ቫይረስ ሲሆን ነገሩ ይብሳል፤ ምክንያቱም የተቀላቀሉት ቫይረሶች አንጀት ውስጥ ቦታ ይሻማሉ። የድሮው ባለ ሦስት ዓይነት የፖሊዮ ጠብታ ቢያንስ ከዓይነት 1 አንድ ሚሊዮን፣ ከዓይነት 3 ከ600 ሺህ በላይ ሕያው ቅንጣቶች ሲኖሩት ከዓይነት 2 ግን 100 ሺህ ብቻ ነበረው። ዓይነት 2 ከሌሎቹ ቀድሞ እየተባዛ ስለሚጋርዳቸው ሆን ተብሎ ተቀነሰ። እኩል ቀላቅሎ እኩል ምላሽ መጠበቅ በዚህ ሙያ ውስጥ በጣም ከተለመዱት ስህተቶች አንዱ ነው።

የምላሹ አለመመጣጠን አንዳንዴ አደጋም ነው፤ ለዚህ ዴንጊን ይመልከቱ። አራት ሴሮታይፖች (በአንቲቦዲ የሚለዩ ዓይነቶች) አሉት። ደካማ ወይም የአንዱን ብቻ የሚያውቅ አንቲቦዲ ያለው ሰው በሌላው ሲያዝ፣ አንቲቦዲው ቫይረሱን ሳያመክን ይዞት ወደ ሴሎች ሊያስገባውና በሽታውን ሊያበረታ ይችላል። ዴንግቫክሲያ የተባለው ባለ አራት ዓይነት ክትባት በፊሊፒንስ ከ800 ሺህ በላይ ሕፃናት ከተሰጠ በኋላ፣ በኅዳር 2017 አምራቹ ራሱ ቀድሞ ዴንጊ ይዟቸው በማያውቁ ላይ ከባድ ሕመም የመምጣት ዕድልን እንደሚጨምር አሳወቀ። ለኮሮና ክትባቶች እንዲህ ያለ ጉዳት በሰው ላይ አልታየም። ይሁን እንጂ ቫይረሱን የሚይዝ ነገር ግን የማያመክን አንቲቦዲ ብቻ የሚያስነሣ ንድፍ (የቁራጮቹ ንድፍ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው) ሲያቀርቡ፣ ገምጋሚ የሚጠይቅዎት የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ እንደሚሆን ይወቁ።

ለኮሮና ቫይረስ መቀላቀሉ ለምን እንዳልጠቀመ ከ2022ቱ ማጠናከሪያ መማር ይቻላል። በዚያ ዓመት በአሜሪካ የተሰጡት የተሻሻሉ የኤምአርኤንኤ ክትባቶች የመጀመሪያውን የ2020 ስፓይክና የቢኤ.4/5 (የኦሚክሮን ልጆች) ስፓይክ ግማሽ በግማሽ የያዙ ነበሩ፤ ከሁለቱ ዋና ዋና ምርቶች በአንደኛው 15 በ15፣ በሌላው 25 በ25 ማይክሮግራም። በቀጣዩ ዓመት አሮጌው ስፓይክ ወጥቶ ኤክስቢቢ.1.5 (ሌላ የኦሚክሮን ልጅ) ብቻውን ቀረ። ምክንያቱ የመጀመሪያ ትውስታ ነው። ቀደም ሲል የተከተበ ሰው የአሮጌውን ስፓይክ የሚያውቁ የትውስታ ቢ ሴሎች (አንቲቦዲ የሚሠሩት ሴሎች) በብዛት አሉት። አሮጌውና አዲሱ አብረው ሲመጡ እነዚህ ሴሎች ቀድመው ይነሡና አንቲጅኑን ይሻማሉ፤ አዲሱን ብቻ የሚያውቁ ጀማሪ ሴሎች ሳይደርሳቸው ይቀራል። ቶማስ ፍራንሲስ ይህን ክስተት በኢንፍሉዌንዛ ላይ አይቶ በ1960 ስም አውጥቶለታል። በዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ኤምአርኤንኤ አንድ ሴል ውስጥ ሲገባ ሦስቱ ሰንሰለቶች ተደባልቀው ቅይጥ ስፓይክ ሊሠሩ ይችላሉ፤ ያሰቡትን ቅርፅ ሳይሆን ያላሰቡትን ያቀርባሉ ማለት ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ወደፊት የሚመጣውን ዝርያ መቀላቀል አይቻልም።

ስለዚህ ንድፍ ከመጀመርዎ በፊት ሊመልሱት የሚገባ ጥያቄ «ዝርያዎቹ በቅደም ተከተል ምን ያህል ይለያያሉ?» ሳይሆን «አንዱን የሚያመክን ሴረም ሌላውን ምን ያህል ያመክናል?» የሚለው ነው። ሁለቱ ርቀቶች አይገጣጠሙም። የኩፍኝ ቫይረስ 24 ጂኖታይፖች (በዘረመል የሚለዩ ዓይነቶች) አሉት፤ በ1954 ከተገኘው ቫይረስ የመጣው ክትባት ግን እስከ ዛሬ ሁሉንም ይከላከላል። በተቃራኒው ከ1968 እስከ 2003 የኤች3ኤን2 ኢንፍሉዌንዛን ትልልቅ የማምለጥ ዝላዮች በዋናነት የወሰኑት ከሴል ተቀባይ መጣበቂያው አጠገብ ያሉ 7 ቦታዎች ብቻ ናቸው፤ አንዳንዱ ዝላይ የመጣው በአንድ አሚኖ አሲድ ለውጥ ነው። የሰልፍ ፕሮግራም ያንን አንድ ለውጥ ከሌሎቹ አሥሩ ለይቶ አያሳይዎትም።

ይህን ርቀት ለመለካት የሚያስፈልገው የሴረምና የቫይረስ ሰንጠረዥ ነው። የእያንዳንዱን ዝርያ ስፓይክ አንድ ጊዜ ብቻ ለተለያየ የእንስሳ ቡድን ይስጡ፤ ሴረሙን በ56 ዲግሪ ሴልሺየስ ለ30 ደቂቃ ያሙቁት፤ ከ1፡20 ጀምረው በየእጥፉ ስምንት ጊዜ ያቅጥኑት፤ የመጨረሻው 1፡2,560 ይሆናል። ከዚያ ከቫይረሱ ጋር ለአንድ ሰዓት በ37 ዲግሪ አቆይተው በሴሎች ላይ ያፍሱት፤ የመያዝ መጠንን በግማሽ የሚቀንሰውን ቅጥነት ያስሉ። በኢንፍሉዌንዛ ልማድ የ2 እጥፍ ልዩነት አንድ የርቀት አሃድ ነው፤ 8 እጥፍ፣ ማለትም ሦስት አሃድ ሲደርስ ዝርያው «የተለየ» ይባላል። በዚህ ሥራ ላይ ሕያው ቫይረስ አይጠቀሙ። ስፓይኩን ብቻ የለበሰ፣ ራሱን ማባዛት የማይችል አስመሳይ ቫይረስ በሁለተኛ ደረጃ የደኅንነት ላብራቶሪ ይበቃል። «የሚያመልጥ ዝርያ ላብራቶሪ ውስጥ አሳድጌ ልፈትን» የሚለውን ደግሞ ጨርሶ አያስቡት፤ ለዚህ ጥያቄ አያስፈልግም፣ አደጋውም ከጥቅሙ ይበልጣል።

ሰንጠረዡን የሚያበላሹ ነገሮች አሉ። ብዙ ጊዜ የተያዘ ወይም የተከተበ ሰው ሴረም ሁሉንም ዝርያ በመጠኑ ስለሚያውቅ ርቀቶቹን ያጨማድዳቸዋል፤ ካርታ የሚሠራው አንድ ጊዜ ብቻ በተጋለጠ እንስሳ ሴረም ነው። ሕያው ቫይረስ የሚያሳድጉ ተባባሪዎች ካሉዎት ደግሞ የክምችቱን ቅደም ተከተል ከመፈተኑ በፊት እንደገና ያስነብቡ፦ ኮሮና ቫይረስ በቬሮ ሴሎች (ከጦጣ ኩላሊት የመጡ የላብራቶሪ ሴሎች) ላይ ሲደጋገም በ682ኛው አካባቢ ያለውን የመሰንጠቂያ ቦታ ይጥላል፤ ኤች3ኤን2 በእንቁላል ውስጥ ሲያድግ ከ160ኛው ቦታ አጠገብ ያለውን ስኳር አጥቶ በሰዎች መካከል ከሚዘዋወረው የተለየ ሆኖ ያውቃል። በሁለቱም ሁኔታ የሚለኩት እርስዎ የመሰለዎትን ቫይረስ አይደለም።

የማይለወጠውን ክፍል ማነጣጠር ፈጽሞ ከንቱ ነው እያልኩ እንዳልሆነም ልብ ይበሉ። ከንቱው ቆራርጦ ማነጣጠሩ ነው። በኢንፍሉዌንዛ ሄማግሉቲኒን (ቫይረሱ ሴል ላይ የሚጣበቅበት ፕሮቲን) ላይ ተለዋዋጩን ራስ አስወግዶ ግንዱን ብቻ ማስቀረት የብዙ ዓመት ሥራ የጠየቀው፣ ራሱ ሲቆረጥ ግንዱ ስለሚፈርስ ነው። በ2015 ሁለት የምርምር ቡድኖች በየደረጃው ማረጋጊያ ለውጦችን እየጨመሩ፣ ግንዱ ያለ ራስ የተፈጥሮ ቅርፁን ይዞ እንዲቆም አደረጉ። ያም ሆኖ የግንድ አንቲቦዲ ከራስ አንቲቦዲ ይልቅ በመጠን ብዙ ይፈልጋል፤ ከማምከን ይልቅ ሌሎች የመከላከያ ሴሎችን በመጥራት ስለሚሠራም በተለመደው የማምከን ምርመራ ላይ ኃይሉ በሙሉ አይታይም። ስፋት (ብዙ ዝርያ ማወቅ) በነጻ አይገኝም፤ ብዙውን ጊዜ በጥንካሬ ይከፈላል።

እንግዲህ ሦስተኛው መንገድ፣ ለእርስዎም የምመክረው፣ የተለያዩ አርቢዲዎችን በአንድ ናኖፓርቲክል (በጣም ጥቃቅን የፕሮቲን ኳስ) ላይ አጠጋግቶ መለጠፍ ነው፤ ይህም ሞዛይክ ይባላል፣ ከኤችአይቪው ሞዛይክ ግን የተለየ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። ቢ ሴል በላዩ ላይ ያለው ተቀባይ ሁለት ክንድ አለው፤ ሁለቱም ክንዶች ሲይዙ አጥብቆ ይጨብጣል። ጎን ለጎን ያሉት አርቢዲዎች የተለያዩ ዝርያዎች ከሆኑ፣ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ መያዝ የሚችለው በሁለቱም ላይ ያለውን የጋራ ቦታ የሚያውቅ ሴል ብቻ ነው። የአንዱን ዝርያ ልዩ ምልክት የሚያውቀው ሴል በአንድ ክንድ ተንጠልጥሎ ይቀራል። የማይለወጠውን ቦታ ሳይቆርጡ፣ ከነቅርፁ፣ ሰውነት ራሱ እንዲመርጠው ያደርጋሉ። የካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች ስምንት አርቢዲዎችን በ60 ቦታ ባለው ናኖፓርቲክል ላይ ለጥፈው በ2021 ያሳተሙት የአይጥ ውጤት፣ በናኖፓርቲክሉ ላይ ያልነበሩ ቫይረሶችን ጭምር የሚያውቅ አንቲቦዲ አሳይቷል።

ስንት ዓይነት ይበቃል? እኩል ተደባልቀው በዕጣ ቢቀመጡ ሁለት ጎረቤቶች አንድ ዓይነት የመሆን ዕድላቸው አንድ ሲካፈል ለዓይነቶቹ ቁጥር ነው። በሁለት ዓይነት 50 በመቶ፣ በአራት 25፣ በስምንት 12.5፣ በአሥራ ስድስት 6.25። ከስምንት በኋላ የሚገኘው ትርፍ ትንሽ ነው፤ የማምረቱ ጣጣ ግን በእያንዳንዱ ዓይነት ይጨምራል፤ ምክንያቱም የእያንዳንዱን ንጽሕና፣ መጠንና የመቆየት አቅም ለየብቻ ማሳየት ግድ ነው። ለመመረቂያ ሥራ አራት ይበቃል። ምርጫው ላይ ግን ይጠንቀቁ፦ አራቱም የኦሚክሮን ልጆች ከሆኑ የተለወጡት ቦታዎቻቸው ራሳቸው የጋራ ስለሆኑ ሰውነት እነዚያን ይመርጣል፤ ድካምዎ ከንቱ ይሆናል። በሰው ላይ ከሚዘዋወሩት የኮሮና ዝርያዎች አንድ፣ ከ2003ቱ የሳርስ ቫይረስ አንድ፣ ከሌሊት ወፍ ሳርቤኮቫይረሶች (የሳርስ ዘመድ የሆኑ ቫይረሶች) ራቅ ያሉ ቅርንጫፎች ሁለት ይውሰዱ። የሠሩት የቅደም ተከተል ሰልፍ የሚጠቅምዎት እዚህ ላይ ነው፤ ከአራቱ መካከል በላይኛው ገጽ ላይ ያሉት ቦታዎች ቢበዛ የሚለያዩበትን ጥምር ይፈልጉበት።

አሠራሩ ላይ የሚያስቸግሩት ጥቂት ነጥቦች ናቸው። አርቢዲውን ከ319 እስከ 541 ካወጡት ዘጠኝ ሲስቲኖች (እርስ በርስ ጥንድ እየሆኑ የሚተሳሰሩ አሚኖ አሲዶች) ይኖሩታል፤ ስምንቱ አራት ጥንድ ይሆናሉ፤ 538ኛው ግን ጓደኛው 590ኛው ላይ ስለቀረ ብቻውን ይንከራተታል። ውጤቱ አርቢዲ ከአርቢዲ ጋር መጣበቅ ነው፤ ማፍረሻ ኬሚካል በሌለበት ጄል (ፕሮቲኖችን በክብደት የሚለይ ምርመራ) ላይ እጥፍ ክብደት ያለው ሰረዝ ሲያዩ ምክንያቱ ይህ ነው። መቁረጫውን 537 ላይ ያድርጉት፣ ወይም 538ኛውን በአላኒን ይተኩ። ፕሮቲኑን በሰው ሴሎች ውስጥ ያምርቱ፤ ባክቴሪያ ስኳሩን አይለጥፍም፣ የሲስቲን ጥንዶቹንም በትክክል ማጋጠም ይቸግረዋል። በጫፉ ላይ ስፓይታግ የተባለውን 13 አሚኖ አሲድ ያለው ማጣበቂያ ቁራጭ ይጨምሩ፤ ናኖፓርቲክሉ ጥንዱን ስፓይካቸርን ሲይዝ ሁለቱ ሲገናኙ በማይፈታ ኬሚካዊ ማሰሪያ ይቆለፋሉ። አርቢዲዎቹን በክብደት ሳይሆን በሞል (በሞለኪውል ቁጥር) እኩል ይቀላቅሉ፤ የስኳር ጭነታቸው ስለሚለያይ እኩል ሚሊግራም እኩል ቁጥር አይሰጥም። ድምራቸው ከመለጠፊያ ቦታው ከ2 እስከ 3 እጥፍ ይሁን፤ ሌሊቱን አሳድረው ያልተለጠፈውን በመጠን መለያ ዓምድ ያስወግዱ። ከመቀላቀልዎ በፊት እያንዳንዱ አርቢዲ ለብቻው በምን ፍጥነት እንደሚለጠፍ ይፈትኑ። አንዱ ቀድሞ ቦታውን ከሞላ ሞዛይክ ሠራሁ ብለው አንድ ዓይነት ናኖፓርቲክል ይዘው ይቀመጣሉ፤ ጄሉ ላይ ደግሞ አራቱም አንድ መጠን ስላላቸው ስህተቱ አይታይዎትም።

ሙከራውን የሚያድነው ወይም የሚገድለው የማነጻጸሪያ ቡድን ነው። ሞዛይኩን ካልተከተበ አይጥ ጋር ብቻ ማነጻጸር ምንም አያረጋግጥም። ወሳኙ ማነጻጸሪያ አራቱንም አርቢዲዎች የያዘ፣ ግን እያንዳንዱ በየራሱ ናኖፓርቲክል ላይ የተለጠፈበት ድብልቅ ነው። የአንቲጅኑ ዓይነትና መጠን አንድ ሆኖ የሚለያየው ጉርብትናው ብቻ ነው፤ ሞዛይኩ ከዚህ ካልበለጠ ሐሳቡ አልሠራም። በተጨማሪ አንድ ቡድን አይጥ አስቀድሞ በ2020ው ስፓይክ ይከተብ፤ ዛሬ ክትባቱን የሚወስድ አዋቂ ሰው ትውስታ የሌለው ባዶ ብልቃጥ ስላልሆነ፣ ባልተጋለጠ አይጥ ላይ ብቻ የታየ ስፋት በሰው ላይ ሊከስም ይችላል። ለአንድ አይጥ በአርቢዲ ሂሳብ 5 ማይክሮግራም፣ ሁለት ዙር በ28 ቀን ልዩነት፣ ደሙ ከሁለተኛው ዙር 14 ቀን በኋላ። የስኬት መለኪያዎን ከወዲሁ ይጻፉ፦ በናኖፓርቲክሉ ላይ በሌለ ቫይረስ ላይ የሚታየው የማምከን መጠን፣ ካለው ጋር ሲነጻጸር ከ8 እጥፍ በላይ ካልወረደ ንድፉ ስፋት አለው ይበሉ። የኤላይዛ ቁጥርን መለኪያ አያድርጉ።

ላብራቶሪ ከሌለዎት ቁራጭ ወደ መቀጣጠሉ አይመለሱ። የታተሙ የማምከን ሰንጠረዦችን ሰብስበው የርቀት ካርታ ይሥሩ፤ በስፓይኩ መዋቅር ላይ ለእያንዳንዱ አሚኖ አሲድ የገጽ ተጋላጭነቱንና የስኳር ሽፋኑን አስልተው፣ የማይለወጡትን «ተጋልጠው የማይለወጡ» እና «ተሸሽገው የማይለወጡ» ብለው ይክፈሏቸው። ይህ ብቻውን የሚከበር የመመረቂያ ሥራ ነው፤ ቀጥሎ ላብራቶሪ የሚያገኝ ሰውም የሚጠቀምበት ይሆናል። በርዕሱ ላይ ግን «ሁሉን አቀፍ ክትባት» የሚል ቃል አይጻፉ። የፈተኗቸውን ቫይረሶች በስማቸው ይዘርዝሩ፤ ገምጋሚውም መጀመሪያ የሚፈልገው ያንን ዝርዝር ነው።